ስልኩ እስከ መቼ አፕዴት ያገኛል?

ስልክ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? ራሙ ስንት ነው? ስቶሬጁስ? ባትሪው ቀን ይውላል? ሻጩም መልሱን በቃሉ ይዞታል፤ ሳይጠየቅ ይዘረዝረዋል። ካርቶኑ ላይም በትልልቁ ታትሟል። አንድ ጥያቄ ግን ከገዢውም ከሻጩም አፍ አይወጣም፦ አምራቹ የዚህን ስልክ ሶፍትዌር የሚጠግነው እስከ መቼ ነው?

የዱቄት ወተት የሚገዛ ሰው ቆርቆሮውን አገላብጦ የሚያበቃበትን ቀን ያያል። መድኃኒት የሚገዛም እንደዚሁ። ስማርት ስልክም የሚያበቃበት ቀን አለው። ልዩነቱ ቀኑን የሚያውቀው አምራቹ መሆኑና ለገዢው የሚነግር አለመኖሩ ነው።

«አይፎን ይሻላል ወይስ አንድሮይድ?» የሚለው ክርክር ለዓመታት የተካሄደው በመልክ፣ በካሜራና በክብር ዙሪያ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ የሸጡትን ስልክ ለስንት ዓመት ይከታተሉታል የሚለው ላይ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ይህ ልዩነት በጣም ጠቧል። የጠበበው ግን ውድ ስልክ ለሚገዙት ነው። ገንዘቡን፣ መታወቂያውንና የቤተሰቡን ፎቶ በርካሽ ስልክ የያዘው ሰው ከፉክክሩ ውጭ ቀርቷል። አፕዴት የአምራች ችሮታ መሆኑ ቀርቶ የተሸጠው ዕቃ አካል ሆኖ እስካልተቆጠረ፣ ቀኑም በግልጽ እስካልተነገረ ድረስ ይህ ሰው ውጭ እንደቀረ ይኖራል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ፣ ከአዋጆች በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 በአንድ ስም ሁለት ነገር

አፕዴት በሚለው ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አዲስ እትም ነው፤ አንድሮይድ 14 የነበረው 15 ሲሆን፣ አይኦኤስ 17 የነበረው 18 ሲሆን ማለት ነው። መልኩ ይለወጣል፣ ምልክቶች ቦታ ይቀይራሉ፣ አዳዲስ ነገሮች ይጨመራሉ። ሁለተኛው የደህንነት ጥገና ነው። በዓይን የሚታይ ለውጥ የለውም፤ ሥራው ሌባ ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ መድፈን ነው።

ብዙ ሰው አፕዴት የሚጠላው በመጀመሪያው የተነሳ ነው፤ ጥላቻውም ያለምክንያት አይደለም። ትናንት የሚያውቀው ስልክ ዛሬ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። ውጭ አገር ካለች ልጇ ጋር በቪዲዮ የምታወራ እናት የለመደችው ምልክት ከቦታው ይጠፋባታል። ሜሞሪ ይሞላል። ስልኩ ይንቀራፈፋል። አንድ ትልቅ እትም ከጊጋባይት በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋይፋይ የሌለው ሰው የገዛውን የዳታ ጥቅል ጠራርጎ ይበላበታል። ስለዚህ «በኋላ» የሚለውን ይጫናል። በኋላ፣ በኋላ ሲል ዓመት ያልፋል። እምቢ ያለው የመልክ ለውጡን ነበር፤ አብሮት የተመለሰው ግን የቀዳዳው ጥገና ነው።

ስለዚህ ተጠቃሚውን «ሰነፍ ነው፣ አያውቅም» ብሎ መውቀስ አይበቃም። ሁለቱን በአንድ ጥቅል አስረው ያቀረቡለት አምራቾቹ ናቸው። ለይቶ ማቅረብ እንደሚቻል ደግሞ ራሳቸው አሳይተዋል። ጎግል በ2015 የደህንነት ጥገናን ለብቻው በየወሩ ማውጣት ጀመረ። አፕልም በሜይ 2023 ሙሉ እትም ሳይጠብቅ ቀዳዳ ብቻ የሚደፍን አነስተኛ ጥገና ልኳል።

🔹 የአፕል መንገድ፦ ሁሉም በአንድ እጅ

አፕል ስልኩንም ሶፍትዌሩንም የሚነድፈው ራሱ ነው። ማንንም አያስፈቅድም። አዲስ እትም ሲያወጣ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ያለውም ሎስ አንጀለስ ያለውም ተጠቃሚ ሊጭነው ይችላል። የዚህን ጥቅም ለማየት አንድ ስልክ ይበቃል። አይፎን 5ኤስ ገበያ የወጣው በሴፕቴምበር 2013 ነው። የመጨረሻ ትልቅ እትሙ የ2018ቱ አይኦኤስ 12 ነበር። የደህንነት ጥገና ግን እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስ ደርሶታል። ከ9 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ከወጡ የአንድሮይድ ስልኮች ከአምራቹ ይህን ያህል ክትትል ያገኘ መጥቀስ ይከብዳል።

ሁሉን በአንድ እጅ መያዝ ግን የራሱ መዘዝ አለው። የሚሰጠው እጅ መልሶ ሊወስድም ይችላል። አፕል በ2017 መጀመሪያ በላከው አንድ አፕዴት ውስጥ፣ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት የሚቀንስ ነገር አስገብቶ ነበር። ለተጠቃሚው በግልጽ አልተነገረውም። ስልኩ ሲንቀራፈፍበት ያረጀ መስሎት አዲስ የገዛ ይኖራል። ጉዳዩ ሲወራ ቆይቶ በዲሴምበር 2017 ኩባንያው አመነ።

የሰጠው ምክንያት ተራ ሰበብ አልነበረም። ያረጀ ባትሪ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ መስጠት ያቅተዋል፤ ስልኩም እየሠራ ሳለ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ፍጥነት መቀነስ ይህን ያስቀራል። ጥፋቱ ዝምታው ላይ ነው። «ባትሪ ቀይር» ተብሎ ቢነገረው ችግሩ በርካሽ የሚፈታለት ሰው፣ የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረ በመቶዎች ዶላር አዲስ ስልክ ገዛ። አፕል ይቅርታ ጠይቆ ባትሪ የሚቀይርበትን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 አወረደ። በፌብሩዋሪ 2020 ፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የተከሰሰበትን የተጠቃሚዎች የጋራ ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘጋ፤ ለበርካታ የአሜሪካ ግዛቶችም 113 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ቅሌት የተወለደ አንድ ነገር ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ይሠራበታል። ያገለገለ አይፎን ሲሸጥና ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባትሪ ሄልዙ ስንት ነው?» የሚል ነው። 92 ከሆነ ዋጋው ሌላ፣ 78 ከሆነ ሌላ። ያ ቁጥር አይፎን ላይ የመጣው በ2018፣ አፕል ደብቆት የነበረውን እንዲያሳይ ከተገደደ በኋላ ነው። የተደበቀው መረጃ በቁጥር ሲወጣ ገበያው ወዲያው ተጠቀመበት። ማንም ሥልጠና አልሰጠም፤ ደላላውም ገዢውም በራሳቸው ተማሩት። የአፕዴት ቀንም እንዲህ ቢታይ ተመሳሳይ ነገር እንደማይሆን የሚያሳምን ምክንያት የለም።

🔹 የአንድሮይድ መንገድ፦ ረጅም ሰንሰለት

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ የወጣው በ2008 ነው። ጎግል ሶፍትዌሩን ሠርቶ ለሁሉም አምራች ክፍት አደረገው። ስማርት ስልክ በርካሽ ዋጋ ለቢሊዮኖች የደረሰው በዚህ የተነሳ ነው፤ ይህ ውለታ አይካድም። ዋጋው ግን የአፕዴቱ መንገድ መርዘሙ ሆነ። ጎግል ጥገናውን ይሠራል። ቺፕ ሠሪው፣ ለምሳሌ ኳልኮም ወይም ሚዲያቴክ፣ ከቺፑ ጋር ያስማማዋል። ስልክ አምራቹ በራሱ መልክና አፖች ላይ ይገጥመዋል፣ ይፈትሸዋል። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ የቴሌኮም ኩባንያው ይሁን ሊለው ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ከደከመው ጥገናው መንገድ ላይ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ስልክ አምራቹ ነው፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ጨርሷልና።

አደጋው በ2015 ክረምት ፍጥጥ ብሎ ታየ። ስቴጅፍራይት የሚል ስም የተሰጠው ቀዳዳ ተገኘ፤ በመልቲሚዲያ መልእክት በሚላክ ቪዲዮ ብቻ ስልክ ውስጥ ለመግባት የሚያስችል ነበር። ያገኙት ባለሙያዎች ተጋላጭ ስልኮችን ወደ 950 ሚሊዮን ገመቷቸው። ጎግል ጥገናውን አዘጋጀ። ወደ ስልኮቹ ማድረስ ግን በእጁ አልነበረም። ወርሃዊው ጥገና የተጀመረው ከዚህ ድንጋጤ በኋላ ነው። በ2017 በአንድሮይድ 8 የመጣው ትሬብል፣ በ2019 በአንድሮይድ 10 የመጣው ሜይንላይን ሰንሰለቱን ለማሳጠር የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። በሜይንላይን የሲስተሙ አንዳንድ ክፍሎች ልክ እንደ አፕ በፕሌይ ስቶር በኩል ይታደሳሉ።

ቀጥሎ የመጣው የፉክክር ፍሬ ነው። ጎግል በኦክቶበር 2023 ፒክስል 8ን ሲያወጣ 7 ዓመት አፕዴት እንደሚሰጥ ቃል ገባ። ሳምሰንግ በጃንዋሪ 2024 በጋላክሲ ኤስ24 ተመሳሳይ 7 ዓመት አለ። «አንድሮይድ ሁለት ዓመት ነው» የሚለው የድሮ ወቀሳ በውድ ስልኮች ላይ አይሠራም። አፕል በአንጻሩ የረጅም ጊዜ ልምድ እንጂ በጽሑፍ የሰፈረ ቃል አልነበረውም። የብሪታንያ ሕግ በኤፕሪል 2024 ሥራ ላይ ሲውል ሁሉም አምራች ትንሹን የጥገና ጊዜ እንዲያሳውቅ ተገደደ፤ አፕል ለአይፎን 15 ፕሮ ማክስ የጻፈው «ቢያንስ 5 ዓመት» ብሎ ነው። በወረቀት ላይ ሳምሰንግ በለጠው ማለት ነው። በተግባር ማን እንደሚበልጥ ዓመታቱ ሲያልፉ ይታያል።

ሳምሰንግም ንጹህ አይደለም። የጣልያን የውድድር ተቆጣጣሪ በኦክቶበር 2018 አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በአንድ ቀን ነው። የሳምሰንግ ጥፋት ለአዲሱ ኖት 7 የተሠራ ከባድ እትም የ2014ቱን ኖት 4 የያዙ ሰዎች እንዲጭኑ መገፋፋቱና ጉዳቱን አለመናገሩ ነበር። ስለዚህ «አፕዴት ስልኬን ገደለው» የሚለው የሕዝብ ሮሮ ሁልጊዜ ተረት አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በተቆጣጣሪ የተቀጡበት ነገር ነው።

🔹 ከፉክክሩ ውጭ የቀረው

አሁን ወደ ታችኛው ገበያ እንውረድ። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ የሼንዘኑ ትራንሽን። በኢትዮጵያም ከአስር ዓመት በላይ የቆየ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ አለው። ይህን ኩባንያ ማጣጣል ፍትሐዊ አይሆንም። ሁለት ሲም፣ ቀን የሚያውል ባትሪ፣ የጠቆረ ፊትን አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራ፣ የአማርኛ ፊደል፤ ሌሎቹ የረሱትን ደንበኛ አስታውሶ የመጣ ነው። ብዙ ሰው ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀው በእነዚህ ስልኮች ነው።

ችግሩ የሒሳቡ ነው። በርካሽ ስልክ ላይ ያለው ትርፍ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ አፕዴት ደግሞ መሐንዲስ፣ ፍተሻና ጊዜ ይጠይቃል። ሞዴሉ በየጥቂት ወሩ ይቀየራል፤ ያለፈውን የሚያስታውስ የለም። የዚህ ዋጋ ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት አዲስ እትም አግኝተው ይረሳሉ፤ ጨርሶ የማያገኙም አሉ።

መዘዙ ምን እንደሚመስል በ2020 ታይቷል። አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ቴክኖ ደብሊው2 በተባለ ርካሽ ሞዴል ላይ ከፋብሪካ ጀምሮ የተጫነ ትሪያዳ የሚባል ተንኮል አዘል ፕሮግራም ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ ባለቤቱ ሳያውቅ ክፍያ ያለባቸው አገልግሎቶች ላይ ያስመዘግበዋል፤ የአየር ሰዓቱ ያልቃል። ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ኩባንያው ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አንድ አቅራቢ ላይ አደረገ፤ የተጎዱ ደንበኞችም ጥገናውን በአፕዴት እንዲያወርዱ መከረ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ካርዱ ሞልቶ ሞልቶ የሚያልቅበት ሰው «ቴሌ በላብኝ» ብሎ ያማርራል እንጂ ስልኩን አይጠረጥርም። መድኃኒቱ ደግሞ ዳታ ገዝቶ የሚወርድ አፕዴት ነው፤ ያ ዳታ የሚገዛው ከዚያው ከሚያልቀው ካርድ ነው።

በዚያን ጊዜ የሚጠፋው የካርድ ሳንቲም ነበር። ቴሌብር በሜይ 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልኩ ቦርሳ ሆኗል። ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። የባንክ አፖች አሉ፣ ኤምፔሳ አለ፣ የፋይዳ መታወቂያም በስልክ ይያዛል። የአንድ ቤተሰብ ወርሃዊ ገቢ የሚያልፍበት ዕቃ በሩ ከተሰበረ ዓመታት ሊሆነው ይችላል፤ ባለቤቱ አያውቅም።

ሌባ ባይመጣ እንኳ አፖቹ ራሳቸው ጥለውት ይሄዳሉ። ዋትስአፕ በ2025 መጀመሪያ አንድሮይድ 4 ላይ የቀሩ ስልኮችን ተወ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ደግሞ ከአይኦኤስ 15.1 በታች የቀሩትን፣ አይፎን 5ኤስና አይፎን 6ን ጭምር። ስልኩ አልተሰበረም፣ ባትሪው ይሠራል፤ ጂዳ ካለች እህት ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ግን ተነሳ።

ያገለገለ አይፎን ገዢም ከዚህ ነፃ አይደለም። ከዱባይና ከአሜሪካ የሚመጣው አይፎን ኤክስ ዛሬም አምሮ ይሸጣል። የወጣው በ2017 ነው፤ የመጨረሻ ትልቅ እትሙ አይኦኤስ 16 ነው። ገዢው የባትሪውን መቶኛ አይቶ፣ ስክሪኑ ኦሪጅናል መሆኑን አረጋግጦ ይከፍላል። ከዕድሜው ስንት እንደቀረው ግን አልጠየቀም። የአፕል ረጅም ዕድሜ የሚቆጠረው ስልኩ ከወጣበት ቀን እንጂ መርካቶ ወይም መገናኛ ከተገዛበት ቀን አይደለም።

🔹 «ይህ የሀብታም አገር ጣጣ ነው»

የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ክብደትም አለው። ሰው ስልክ ለመግዛት ዓመት እየቆጠበ የአፕዴት ዓመት መቁጠር ቅንጦት ነው፤ አምራቹ ከተገደደም ዋጋ ይጨምራል ይባላል። አፕዴት ያቆመ ስልክ በማግስቱ አይሞትም የሚሉም አሉ።

የመጨረሻው እውነት ነው። ለመደወልና ሙዚቃ ለመስማት ብቻ የሚጠቀም ሰው ብዙ የሚያጣው የለም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስበት ሰው ግን ሌላ ነው።

ስለ ዋጋው፣ ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። በ12 ሺህ ብር የተገዛ ስልክ 2 ዓመት ቢጠገን ዓመቱ 6 ሺህ ይመጣል። በ24 ሺህ የተገዛ 6 ዓመት ቢጠገን ዓመቱ 4 ሺህ ነው። ርካሹ ውድ ሆነ። እርግጥ 24 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ የሌለው ሰው ይህ ሒሳብ አይገባውም ሳይሆን አቅሙ አይፈቅድለትም። ለእርሱ የሚያስፈልገው በዚያው በ12 ሺህ ብር ከሚሸጡት ስልኮች መካከል የትኛው ረዘም እንደሚል ማወቅ ነው። ቀን መጻፍ ዋጋ አያስጨምርም፤ ቀለም ብቻ ነው የሚፈጀው። ርካሽ ስልክን ረጅም ጊዜ መጠገን የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ደግሞ ሳምሰንግ ከዝቅተኛ ዋጋ መደቦቹ በአንዱ፣ በጋላክሲ ኤ16፣ 6 ዓመት ቃል በመግባት አሳይቷል።

🔹 ምን ይደረግ?

የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ አንድ ሞዴል ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት የሶፍትዌር አፕዴት፣ 7 ዓመት ደግሞ መለዋወጫ እንዲገኝለት ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ያን ያህል የገበያ ጉልበት የላትም። አምራቾችን 5 ዓመት አድርጉ ብላ ብታዝዝ ገበያውን ለኮንትሮባንድ ልታስረክብ ትችላለች። ማሳወቅን ማዘዝ ግን ትችላለች።

መሠረቱ አለ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገቡ የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ ያጸድቃል። በዚያው ፎርም ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ይህ ሞዴል የደህንነት ጥገና የሚያገኘው እስከ መቼ ነው? መልሱ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ካርቶኑ ላይ ይለጠፍ። ጥገና የማያገኝ ከሆነም «የለውም» ተብሎ ይጻፍ። አገር ውስጥ የሚገጣጠሙት ለዚህ ቀዳሚ መሆን አለባቸው፤ መለያው የሚታተመው እዚሁ ነውና።

የቴሌኮም ኩባንያዎችም ድርሻ አላቸው። የደህንነት ጥገና ሲወርድ ከጥቅል እንዳይቆረጥ ማድረግ ለእነርሱም ይጠቅማቸዋል፤ የሚሰረቀው ገንዘብ በእነርሱ መስመር ላይ ያለ ነው። ባንኮች አፓቸው የቆየ ስልክ ላይ መሥራት ሲያቆም ደንበኛው በአጭር ቁጥር የሚገለገልበትን መንገድ ክፍት ይተዉለት።

ገዢው በበኩሉ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ስለ ስልኩ የሚለውን ሲከፍት የመጨረሻው የደህንነት ጥገና የደረሰበትን ቀን ያገኛል። ቀኑ ከዓመት በላይ የቆየ ከሆነና የሚወርድ አዲስ ነገር ከሌለ፣ ያንን ስልክ ለገንዘብ አይጠቀምበት። ያገለገለ ሲገዛ ከባትሪ ሄልዙ ጎን የወጣበትን ዓመት ይጠይቅ። ሱቅ ሲገባም ሻጩን «እስከ መቼ አፕዴት ያገኛል?» ይበለው። ሻጩ መጀመሪያ ላይ ይደነግጣል። አሥረኛው ገዢ ሲጠይቀው አስመጪውን ይጠይቃል። አስመጪው አምራቹን ይጠይቃል። የባትሪ መቶኛ የዋጋ መደራደሪያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ የአፕዴት ቀንም የማይሆንበት ምክንያት የለም።